ይድረስ ለእንጨት ወለል ባለቤቶች

ውድ አንባቢ፣

ጉዳዬ ሩቅ አይደለም፤ እግርዎ ሥር ነው።

ቤትዎ ጣውላ ወይም ፓርኬ የለበሰ ከሆነ፣ ከበሩ እስከ ሶፋው ያለው መተላለፊያ ቫርኒሹ አልቆ ከገረጣ፣ ከአልጋው ሥር ያለው ግን ገና የሚያብለጨልጭ ከሆነ፣ ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት ለእርስዎ ነው። በዘመን መለወጫ ጽዳት ላይ «ዘንድሮስ አንድ መላ እፈልግለታለሁ» ማለትዎ አይቀርም። መላ የጠየቁት ሰው ሁሉ ደግሞ ከሁለቱ አንዱን ሳይነግርዎ አልቀረም፤ ወይ «ማሽን ይጥሩና ያስፍቁት»፣ ወይ «ይሄ ጊዜው ያለፈበት ነገር ነው፤ ሴራሚክ ያንጥፉበት»። የእኔ ልመና ሁለቱንም ለጊዜው እንዲያቆዩልኝ ነው። አብዛኛው የደከመ ወለል ማሽን አይፈልግም። የሚፈልገው ደህና ተደርጎ መጽዳት፣ ላዩን በስስ ብርጭቆ ወረቀት መዳበስ፣ ከዚያም አንድ ወይም ሁለት እጅ አዲስ ቫርኒሽ ነው። በዚህ ምክር ማሽን አከራይም ሴራሚክ ሻጭም ስለማያተርፍበት፣ ደፍሮ የሚነግርዎ ሰው ጥቂት ነው።

ለዚህ እንጨት ለምን እንደምሳሳ ልንገርዎ። በአዲስ አበባ አሮጌ ቤቶች ውስጥ የምናገኘው ጣውላ ዛሬ ገበያ ወጥተው በቀላሉ የሚገዙት ዓይነት አይደለም። ቀላ ብሎ፣ ሲፋቅ ሽታው ቤቱን የሚሞላው፣ ምስጥ የማይደፍረው ጽድ ነው፤ ፈረንጆች እርሳስ ይሠሩበት ነበር። ነጣ ወደ ቢጫ የሚያደላው፣ መስመሩ እምብዛም የማይታየው ዝግባ ነው። ለመሥራት የሚመች ለስላሳ እንጨት ቢሆንም እርጥበትና ነቀዝ አይችልም። ከባድና ጠንካራ ሆኖ በቡናማው ገላው ላይ ጥቁር ጅማት የሚሮጥበት ካጋጠመዎ ወይራ ሳይሆን አይቀርም። በኋላ በተሠሩት ቤቶች የባሕር ዛፍ ፓርኬም ይገኛል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ጽድን፣ ዝግባን፣ ዋንዛንና ኮሶን ከመንግሥት ደን መቁረጥ ከልክሎ ነበር። የተከለከለውም እነዚህ ዛፎች እየተመናመኑ በመምጣታቸው ነው። እንግዲህ እርስዎ የሚረግጡት ጣውላ አንድ ጊዜ ካለቀ ተመሳሳዩን መተካት ቀላል አይሆንም። በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ፒያሳ ብዙ አሮጌ ቤቶች ሲፈርሱ ብዙ ሰው ያዘነው ለሰገነቱና ለመስኮቱ ነበር። እኔን ያሳዘነኝ ወለሉ ነው።

ሴራሚኩን በአጭሩ ላሰናብተው። የጣውላ ወለል ከሥሩ በተዘረጋ ሞራሌ ላይ የተቸነከረ ከሆነ በየወቅቱ ይነፋል፣ ይኮማተራል፣ ሲረግጡትም በጥቂቱ ይወዛወዛል። በላዩ ላይ ሲሚንቶና ሴራሚክ መጫን ሞራሌውን ማስጨነቅ ነው፤ ሴራሚኩም ውሎ አድሮ መሰንጠቁ አይቀርም። ፕላስቲክ ምንጣፍ አንጥፎ ዙሪያውን በኮላ ማጣበቅ ደግሞ የባሰ ነው፤ ከሥር የሚመጣውን እርጥበት አፍኖ እንጨቱን ያበሰብሰዋል። ይህን ያህል ይበቃል።

ወደ ማሽኑ እንምጣ። የእንጨት ወለል እንደ ሳሙና ነው፤ በተፋቀ ቁጥር ያልቃል። የተለመደው የጣውላ ወለል ውፍረቱ 20 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ግን ይህ ሁሉ የሚፋቅ አይምሰልዎ። ጣውላዎቹ ጎን ለጎን የሚሰካኩበት ጥርስና ቦይ መሃል ላይ ስላለ፣ ለመፋቅ የሚቀረው ከጥርሱ በላይ ያለው ስድስት ወይም ሰባት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። እጁ የሠለጠነ ባለሙያ በአንድ ሙሉ ፍቂያ ከግማሽ እስከ አንድ ሚሊ ሜትር ያነሳል፤ ያልሠለጠነው ሁለት ሚሊ ሜትር አንስቶ «አሁን ተስተካከለ» ይልዎታል። በትንንሽ ካሬዎች የተሰበጣጠረው ስስ ፓርኬ ደግሞ ከመጀመሪያውም ውፍረቱ ስምንት ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ቤቱ ከእርስዎ በፊት ስንት ጊዜ እንደተፋቀ የሚያውቅ ሰው ከሌለ፣ ሳይለኩ ማሽን ማስገባት ቁማር ነው።

መለካቱ አስቸጋሪ አይደለም። በግድግዳው ሥር ከሚዞረው ዞኮሎ አንዱን ቀስ ብለው ያንሱ፤ ወይም በሩ ደፍ ላይ ጣውላው የሚያልቅበትን ጠርዝ ይመልከቱ። በዚያ በኩል ማስመሪያ አስገብተው ከጥርሱ በላይ ያለውን ይለኩ። ጊዜ ከሌለዎ የሚያዩት ምልክትም አለ። ተደብቀው የነበሩ የሚስማር ራሶች ብቅ ብቅ ካሉ፣ ወይም በመጋጠሚያው ላይ ረዣዥም ስንጥር እየተነሳ ካልሲ የሚይዝ ከሆነ፣ ከጥርሱ በላይ የቀረው እንጨት አልቋል ማለት ነው። ያ ወለል ከእንግዲህ ማሽን ማየት የለበትም።

ይህን ደብዳቤ የሚያነቡት በዋሽንግተን ዙሪያ ወይም በሌላ የአሜሪካ ከተማ ሆነው ከሆነ፣ አሮጌው ቤትዎ የኦክ ወለል ሳይኖረው አይቀርም፤ ውፍረቱም 19 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። እዚያ የምጨምርልዎ ማስጠንቀቂያ አንድ ነው። ሊድ የተባለው መርዛማ ብረት ከመኖሪያ ቤት ቀለም የታገደው በ1978 እ.ኤ.አ. ስለሆነ፣ ቤቱ ከዚያ በፊት የተሠራ ከሆነ ወለሉንና ዙሪያውን ያለውን ቀለም ሳያስመረምሩ አይፋቁ፤ በተለይ በቤቱ ሕፃን ካለ። አዲሱ ቤትዎ ላይ ያለው ደግሞ ከላይ ስስ እንጨት ተለጥፎበት ከሥር ፕላይውድ የሆነ ወለል ሊሆን ይችላል። እሱ ቢበዛ አንድ ጊዜ በጥንቃቄ ይፋቅ ይሆናል፤ ላሚኔት የሚባለው ግን የእንጨት ሥዕል ያለበት ወረቀት ስለሆነ ጭራሽ አይፋቅም።

አሁን ወለልዎ ምን እንደተቀባ እንወቅ። አንድ ጠብታ ውኃ ያስቀምጡና አሥር ደቂቃ ይጠብቁ። ውኃው ድቡልቡል ብሎ ከቆየ ቫርኒሹ አለ፤ እንጨቱ ጠጥቶት ከጠቆረ ቫርኒሹ በዚያ ቦታ አልቋል። ይህንን በመተላለፊያው ላይ፣ በጥጉና በመስኮቱ ሥር ይሞክሩት፤ መልሱ የተለያየ ይሆናል። ቀጥሎ ነጭ ጨርቅ የቀለም ማቅጠኛ በሆነው አኳራጅ ነክረው አንድ ቦታ ያሻሹ። ጨርቁ ቢጫ ወይም ቡናማ ቅባት ካነሳ ያ ሰም ነው።

እዚህ ሰም ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የብዙ አዲስ አበቤ ወለል ችግር ያለው እዚህ ነውና። ድሮ የቤት ወለል ሰም ተቀብቶ፣ ልጆች በብርድ ልብስ ቁራጭ ላይ ቆመው እየተንሸራተቱ ነበር የሚያስወለውሉት። ዓመት በዓል ሲመጣ ሌላ ሰም ይጨመርበታል። አንዳንዱ ቤት ደግሞ አቧራ እንዳይዝና እንዲያብለጨልጭ በነጭ ጋዝ ይወለውላል። ይህ ሁሉ በእንጨቱ ቀዳዳና በመጋጠሚያው ውስጥ ተቀምጧል። ቫርኒሽ በሰምና በቅባት ላይ አይዝም፤ ወይ ሲቀቡት እየሸሸ ዓይን ዓይን ያወጣል፣ ወይ ከደረቀ በኋላ በጥፍር ይላጣል። ማሽኑም አያድንዎትም፤ ሰሙ በግጭቱ ሙቀት ቀልጦ ብርጭቆ ወረቀቱን ይደፍነዋል፣ ወደ እንጨቱም ጠልቆ ይገባል። ስለዚህ በሰም የኖረን ወለል ቫርኒሽ ለመቀባት የቆረጡ ከሆነ፣ አስቀድመው በአኳራጅ ጨርቅ እየቀያየሩ፣ ጨርቁ ንጹሕ ሆኖ እስኪመለስ ድረስ ያንሱት። አሰልቺ ሥራ ነው፤ መስኮት ከፍተው፣ ጓንት አድርገው፣ እሳት ከቤት አውጥተው ይሥሩት።

ግን ለምን? በሰም የኖረ ወለል በሽተኛ አይደለም። አሮጌውን ሰም አንስቶ አዲስ ስስ ሰም መቀባትና መወልወል ይበቃዋል፤ የተጫረ ቦታ ቢኖር ያንን ቦታ ብቻ ማደስ ይቻላል፤ ቫርኒሽ ይህንን አይፈቅድልዎትም። ጎረቤት ስለቀባ ብቻ ሰሙን ወደ ቫርኒሽ የሚለውጥ ሰው አይገባኝም።

ቫርኒሽ እንዳለበት ካረጋገጡና ጉዳቱ ላዩ ላይ ብቻ ከሆነ፣ ማለትም ጭረት፣ መደብዘዝ፣ የወንበር እግር ምልክት ከሆነ፣ ከማሽኑና ከሴራሚኩ ሌላ ያልኩዎት ሦስተኛ መንገድ ይኸውና። ዕቃውን ከክፍሉ አውጥተው አቧራውን በሚገባ ይሳቡ ወይም ይጥረጉ። ጥቂት ሳሙና ባለበት ውኃ ጨርቅ ነክረው፣ በደንብ ጨምቀው ይጥረጉት፤ በንጹሕ ውኃ የተጨመቀ ሌላ ጨርቅ ይድገሙበት፤ ወለሉ እስኪደርቅ ይጠብቁ። ከዚያ በቁጥር 180 ወይም 220 ብርጭቆ ወረቀት፣ እንጨቱ በተኛበት አቅጣጫ፣ ብርሃኑ እስኪጠፋ ብቻ ይዳብሱት። ዓላማው ቫርኒሹን መግፈፍ አይደለም፤ አዲሱ ቫርኒሽ የሚይዝበት ጭረት መስጠት ነው። የሚያበራ ቦታ ከቀረ ያ ቦታ አልተነካም፤ አዲሱ ቫርኒሽ የሚላጠውም እዚያው ነው። አቧራውን ጠራርገው አንስተው ይቅቡ። ሁለት ሰው አንድ መኝታ ቤት በአንድ ቀን አጽድቶና ዳብሶ ይጨርሳል።

መተላለፊያው ላይ እንጨቱ ራቁቱን ከቀረና ግራጫ ከሆነስ? ያን ጊዜ በክፍሉ መሃል ክብ ሠርተው አይፋቁ፤ ክቡ ለዘላለም ይታያል። የተጎዱትን ጣውላዎች ከመጋጠሚያ እስከ መጋጠሚያ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጅ ይፋቁና አንድ ሁለት እጅ ቫርኒሽ አስቀድመው ይስጧቸው። የጣውላው የራሱ መስመር ወሰኑን ይደብቅልዎታል። መላውን ክፍል የሚቀቡት ከዚያ በኋላ ነው። ከሁሉ በፊት ግን ከአልጋ ሥር መዳፍ በምታህል ቦታ ላይ ቀብተው ይሞክሩ፤ ሲደርቅ በሳንቲም ጫፍ ይጫሩት። ከተላጠ አሮጌው ቅብ ምን እንደሆነ ገና አላወቁም ማለት ነው።

ስለ እድፍ ጥቂት። ነጭ ክብ ከሆነ እርጥበቱ ያለው በቫርኒሹ ውስጥ ስለሆነ አይጨነቁ፤ ቫርኒሹ ሲታደስ አብዛኛውን ጊዜ ይጠፋል። ጥቁር ከሆነ ግን እንጨቱ ራሱ ነው የተነካው፤ የአበባ ማሰሮ የቆመበት፣ የበዓል ቄጤማ እርጥብ እንዳለ ያደረበት፣ ወይም የሚስማር ዝገት ከእንጨቱ ታኒን ጋር ተገናኝቶ ያጠቆረው ነው። የሚስማሩን ጥቁረት ኦክሳሊክ አሲድ ያነጣዋል፤ መርዝ ስለሆነ ጓንትና መነጽር ይጠይቃል፣ ከሠሩም በኋላ ደጋግሞ በውኃ ማንሳት ያስፈልጋል። ከረከቦቱ አጠገብ የከሰል ፍም የወደቀበት የተቃጠለ ነጥብ ካለ በስለት ጫፍ ፋቅ ያድርጉት፤ ጥልቅ ከሆነ ይተዉት። ለአንዲት የፍም ጠባሳ ሲባል የክፍሉን ጣውላ ሁሉ አንድ ሚሊ ሜትር ዝቅ ማድረግ እኔ በበኩሌ ግፍ ነው የምለው።

አሁን ብዙ ሰው የማያየውን ነገር ላንሳ። ወለልዎ ላይ እጅዎን በአግድም ያሳልፉ። የእያንዳንዱ ጣውላ ጠርዝ ከፍ፣ መሃሉ ጎድጎድ ያለ ከሆነ፣ ችግሩ ያለው ከላይ አይደለም፤ ከሥር ነው። ይህ ሰፊ ጉዳይ ነው።

የድሮ ቤት ሠሪዎች ጣውላውን በቀጥታ መሬት ላይ አያነጥፉም ነበር። የድንጋይ መሠረት አቁመው፣ በላዩ ሞራሌ ዘርግተው፣ ከሥር ባዶ ቦታ ይተዋሉ። በመሠረቱ ግድግዳ ላይ፣ በውጭ በኩል፣ የብረት ፍርግርግ ያለባቸው ትንንሽ ቀዳዳዎች ያገኛሉ። ነፋስ በአንዱ ገብቶ በሌላው እየወጣ የመሬቱን እርጥበት ይወስዳል። ቤቱ እጅ በእጅ ሲተላለፍ ግን እነዚያ ቀዳዳዎች አንድ በአንድ ይዘጋሉ። አንዱ አይጥ ይገባል ብሎ በድንጋይ ይወትፋቸዋል፤ ሌላው ግድግዳውን በሲሚንቶ ሲለስን ያለብሳቸዋል፤ ሦስተኛው ግቢውን ሲያስነጥፍ መሬቱን ከፍ አድርጎ ከነጭራሹ ይቀብራቸዋል። ከዚያ በኋላ የሐምሌ ዝናብ ግቢውን ሲያርስ እርጥበቱ መውጫ ያጣል። የጣውላው ሆድ ይጠጣል፣ ላዩ ግን ቫርኒሽ ስላለበት ደረቅ እንደሆነ ይቆያል፤ ሆዱ ሲነፋ ጠርዙ ይነሳል።

ማሽን ያለው ሰው ይህን ሲያይ «ሸካራ ነው፣ ቀጥ አድርጌ ልፋቀው» ይላል፤ የተነሱትንም ጠርዞች ይቆርጣቸዋል። ወለሉ በዚያች ቀን ሜዳ ይሆናል። በጥር ወር እንጨቱ ሲደርቅና ሆዱ ሲኮማተር ግን ጠርዙ ተቆርጦ ስለቀረ መሃሉ ተቆልምሞ ይወጣል። ያን ጊዜ ሌላ ፍቂያ ይመጣል። ሁለት ሚሊ ሜትር ጽድ በከንቱ በማዳበሪያ ተጭኖ ወጣ ማለት ነው። መድኃኒቱ ሌላ ነው፤ ቀዳዳዎቹን ይክፈቱ፣ ለአይጡ ጥቅጥቅ ያለ የብረት ወንፊት ይግጠሙለት፣ የጣሪያው አሸንዳ ውኃውን ከመሠረቱ አርቆ የሚያፈስ መሆኑን ያረጋግጡ፣ ከዚያም አንድ በጋ ይጠብቁ። ብዙ ጊዜ ጣውላው ራሱ ተመልሶ ይተኛል። በዝግባ ወለል ላይ ግን መጠበቁን ከመጀመርዎ በፊት አንድ ጣውላ አስነስተው ሞራሌውን በቢላ ጫፍ ይውጉት፤ ቢላው እንደልቡ ከገባ በስብሷል፤ ከቫርኒሽ በፊት አናጢ ይፈልጋሉ።

እሺ፤ ሁሉንም አይተው፣ ለክተው፣ ማሽን የግድ ሆነ እንበል። ቫርኒሹ በየቦታው ተላጥቷል፣ እንጨቱ ጠቁሯል፣ ውፍረቱም ይበቃል። ጊዜውን ከጥቅምት እስከ ጥር ያድርጉት። በክረምት እንጨቱ እርጥበት ጠጥቶ የተነፋ ነው፤ ቫርኒሹም ቶሎ አይደርቅም። በኅዳርና በታኅሣሥ የአዲስ አበባ ሌሊት ስለሚቀዘቅዝ ግን ቅቡን ከሰዓት በኋላ አይጀምሩ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ ጀምረው፣ ብርዱ ሳይመጣ ቀኑ እንዲያደርቅልዎ ያድርጉ።

ብዙዎቻችን ማሽኑን ከነባለሙያው ነው የምንጠራው። ስለዚህ ምን እንደሚጠይቁት ልንገርዎ፤ ዋጋውን መጨረሻ ላይ ይጠይቁት። መጀመሪያ «በስንት ዓይነት ብርጭቆ ወረቀት ነው የምትሠራው?» ይበሉት። መልሱ «በአንድ» ከሆነ አመስግነው ይሸኙት። ደንቡ ከሸካራው ጀምሮ ደረጃ በደረጃ መውረድ ነው፤ ቁጥር 40፣ ቀጥሎ 60፣ ቀጥሎ 80፣ መጨረሻ ላይ 100 ወይም 120። ወለሉ ብዙም ካልተጎዳ ከ60 መጀመር ይቻላል። እያንዳንዱ ቁጥር የቀደመውን ጭረት ያጠፋል። ከ40 ዘሎ 100 የሚያስገባ ሰው ጭረቱን አላጠፋም፤ አለሰለሰው እንጂ። ጭረቱ ደረቅ እንጨት ላይ አይታይም፤ ቫርኒሽ ሲነካው ግን ቦግ ብሎ ይወጣል፣ ያን ጊዜ ወደኋላ መመለስ የለም። ለዚህ አንድ ዘዴ አለ። ከመቀባቱ በፊት መጋረጃውን ይዝጉና የስልክዎን ባትሪ አብርተው ወለሉ ላይ ያስተኙት፤ ብርሃኑ በወለሉ ላይ ሲጋደም ጭረቱ ሁሉ ጥላ ይጥላል። ባለሙያው ባለበት ያድርጉት። አይወድልዎትም፣ ግድ የለም።

ሁለተኛው ጥያቄ ስለ ጥጉና ስለ ግድግዳው ዳር ነው። ትልቁ ማሽን ግድግዳ አይደርስም። ዳሩን የሚሠራው ትንሹ ክብ ማሽን ደግሞ ግማሽ ጨረቃ የሚመስል ጭረት እየተወ ይሄዳል። በዳሩና በመሃሉ መካከል ያለውን መገጣጠሚያ በእጅ መፋቂያና በብርጭቆ ወረቀት ማዋሃድ ግዴታ ነው፤ አራቱም ጥጎች የእጅ ሥራ ናቸው። ይህን የሚዘል ሰው ብዙ ነው፤ ጉልበት የሚጠይቀው ሥራ እዚህ ነውና።

ማሽኑን ራስዎ ከያዙት ደግሞ እነዚህን አይርሱ። አስቀድመው ሚስማሮቹን ሁሉ ወደ ውስጥ ያስጥሟቸው፤ አንድ የሚስማር ራስ ወረቀቱን ይቀድዳል፣ ፍንጣሪም ያስነሳል። ማሽኑ መሬት ሲነካ እየተንቀሳቀሰ፣ ከመቆሙም በፊት ተነስቶ መሆን አለበት፤ ቆሞ የሚሽከረከር ከበሮ በሁለት ሰከንድ ገንዳ ይቆፍራል። በእንጨቱ አቅጣጫ ይሂዱ። ፓርኬው ካሬ ካሬ ወይም የዓሣ አጥንት ቅርጽ ከሆነ አንድ አቅጣጫ ስለሌለው በመጀመሪያ በማዕዘን፣ በመጨረሻው ስስ ወረቀት ደግሞ በክፍሉ ርዝመት ይሥሩት። መብራት ከጠፋ ወዲያው ማሽኑን አንስተው ማብሪያውን ይዝጉ፤ ድንገት ሲመጣ የሚነሳው ማሽን እግር አይለይም። ቀጭን የማከፋፈያ ገመድም አይጠቀሙ፤ ይግላል።

አቧራው ቀልድ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ1995 እ.ኤ.አ. የእንጨት አቧራን በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡት ተርታ መድቦታል። ደህና ማስክ ያድርጉ፤ ነጠላ መከናነብ ማስክ አይሆንም። በሮቹን በላስቲክ ይሸፍኑ፤ አለዚያ አቧራው ጓዳ ገብቶ በርበሬዎ ላይ ይቀመጣል። የማሽኑን ከረጢት ሳይሞላ ያራግፉ፣ ማታም ከቤት ያውጡት፤ ከቫርኒሽ ጋር የተቀላቀለ ትኩስ አቧራ ታፍኖ ሲያድር በራሱ ሊጤስ ይችላል። ጥቂቱን ስስ ሰጋቱራ ግን ይቆጥቡ፤ ከኮላ ጋር ሲለወስ የፓርኬውን ጠባብ ክፍተት በራሱ ቀለም ይሞላልዎታል። በሞራሌ ላይ ያለውን ሰፊ የጣውላ ክፍተት ግን አይሙሉት። በበጋ ይከፈታል፣ በክረምት ይዘጋል፤ የሞሉት ነገር ተሰባብሮ ይወጣል።

ቫርኒሹን ስንመርጥ ሁለት ዋና ዓይነት አለ። በዘይት የሚሠራው ፖሊዩሪቴን እንጨቱን ሞቅ ወዳለ የማር ቀለም ይወስደዋል፤ ጽድ ላይ ሲያዩት ያስደስታል። ሽታው ኃይለኛ ነው፤ በሁለት እጅ ቅብ መካከልም ከስምንት እስከ ሃያ አራት ሰዓት ይጠይቃል። በውኃ የሚሠራው ሽታው ቀላል ነው፣ በሁለት በሦስት ሰዓት ይደርቃል፣ የእንጨቱንም ቀለም እምብዛም አይለውጥም። ሌላ መሄጃ ለሌለውና በቤቱ ሕፃን ወይም አስም ያለበት ሰው ለያዘ ቤተሰብ ያለጥርጥር በውኃ የሚሠራውን እመርጣለሁ። አንድ ሊትር በአንድ እጅ ቅብ አሥር ካሬ ሜትር ያህል ይሸፍናል። አራት በአምስት የሆነ ሳሎን ለሦስት እጅ ስድስት ሊትር ይፈልጋል ማለት ነው፤ ባለሙያው ዐሥራ ሁለት ካስገዛዎ ይጠይቁት። ስለ ድምቀቱ ደግሞ ፊት እስኪያሳይ ድረስ ካልነጠረ ቅብ ያልሆነ የሚመስለን ብዙ ነን። ያ ድምቀት እያንዳንዱን ጭረትና የእግር አሻራ አጉልቶ ያሳያል። መካከለኛውን ይውሰዱ።

ቆርቆሮውን አይነቅንቁት፤ አረፋ ይይዛል። በእንጨት ቀስ ብለው ከሥር ያማስሉት። ከበሩ ርቆ ካለው ግድግዳ ጀምረው ወደ መውጫዎ ይምጡ፤ የቀቡት ጠርዝ ሳይደርቅ ቀጣዩን ያገናኙ፤ አንዴ ያለፉበትን ቦታ «ትንሽ ላስተካክለው» ብለው አይመለሱበት። በየመካከሉ በቁጥር 220 ዳብሰው አቧራውን አንስተው ይድገሙ። በዘይት የሚሠራውን የሚቀቡ ከሆነ በዚያ ቀን በቤቱ ቡና አይፈላም፣ ዕጣን አይጨስም፣ ሻማ አይበራም፣ ቡታጋዝ አይለኮስም። እሳቱ ከቫርኒሹ የሚተነውን ጋዝ ሊያቀጣጥለው ይችላል። የተልባ ዘይት ወይም በዘይት የሚሠራ ቅብ የነካውን ጨርቅ ጠቅልለው ጥግ ላይ አይጣሉት፤ ራሱን በራሱ አግሎ ሊነድ ይችላል። ደጅ ላይ ዘርግተው ያድርቁት፣ ወይም ውኃ ባለበት ጣሳ ውስጥ ይንከሩት።

በማግሥቱ በካልሲ መግባት ይችላሉ። ዕቃውን ከሦስት አራት ቀን በኋላ ሳይጎትቱ በሸክም ይመልሱ፤ ለወንበርና ለጠረጴዛ እግር ወፍራም የጨርቅ ቁራጭ ይለጥፉላቸው። ምንጣፍ ግን በዘይት የተቀባ ወለል ላይ ለአንድ ወር ያህል፣ በውኃ የተቀባው ላይ ለሁለት ሳምንት አይመለስ፤ ቫርኒሹ ደረቀ ማለት ጠነከረ ማለት አይደለም። ለጽዳቱ በረኪናም ነጭ ጋዝም አያስገቡ፣ በደንብ የተጨመቀ ጨርቅ ይበቃል። ለበዓል ቄጤማ ሲጎዘጉዙ ከሥሩ ሰሌን ወይም ላስቲክ ያድርጉ፣ በማግሥቱም ያንሱት።

የተረፈውን ቫርኒሽ ክዳኑን አጥብቀው፣ ከእሳትና ከልጆች እጅ ርቆ በሚገኝ ቦታ ያኑሩት። በቆርቆሮው ላይ ቀኑን፣ የቫርኒሹን ዓይነት፣ ስንት እጅ እንደቀቡ፣ ከጥርሱ በላይ ስንት ሚሊ ሜትር እንደቀረ በማይለቅ ብዕር ይጻፉበት። ይህንኑ በወረቀት ጽፈው ከቤቱ ካርታ ጋር ያስቀምጡ። ቀጥሎ ያንን ወለል የሚያድሰው ሰው፣ ልጅዎም ይሁን ቤቱን የሚገዛው፣ ማሽን ከመጥራቱ በፊት የሚፈልገው ቁጥር እሱ ነው።

አክባሪዎ